ለጠርሙስ ክዳን የ200 ቶን ማሽን ለምን?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ በፕላስቲክ ሥራ ላይ ላለ ሰው አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ከእንግዲህ ምን ላምርት? ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «ወደ ኢንጀክሽን መግባት» ነው። ነገሩ ግን እንደ አባባሉ አይቀልም። ፌስታል የሚነፋው ማሽን ለኢንጀክሽን አይሆንም። ያኛው የቀለጠውን ፕላስቲክ በክብ ቀዳዳ እያወጣ በአየር ነፍቶ ስስ ላስቲክ ያደርገዋል። ይኼኛው ደግሞ ያንኑ ቅላጭ በከባድ ግፊት ወደተዘጋ የብረት ሞልድ (የዕቃው ቅርጽ ማውጫ) ይወጋውና እዚያው አቀዝቅዞ ቅርጽ አስይዞ ያወጣዋል። ስለዚህ ሥራ መለወጥ ማለት ማሽን መግዛት ማለት ነው፤ ማሽን ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የማሽን መጠን የምህንድስና ጉዳይ ብቻ አይሆንም። የእኔ እምነት በአገራችን አነስተኛ ኢንጀክሽን ማሽን የተናቀው ያለ አግባብ ነው የሚል ነው። የሚናቅበት ምክንያትም ይታወቃል። ገዢው «አንዴ ከገዛሁ አይቀር ሁሉን የሚሠራልኝን ልግዛ» ይላል፤ ሻጩም ትልቁን ቢሸጥ ይመርጣል። ሁሉን ይሠራል የተባለው ማሽን ግን ትንንሾቹን ዕቃዎች በደንብ አይሠራም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል።

ኢንጀክሽን ማሽን የሚጠራው በቶን ነው። ቶኑ የማሽኑ ክብደት አይደለም፣ የሚያመርተው መጠንም አይደለም። ቅላጩ ሲገባ ሞልዱ እንዳይከፈት ማሽኑ ጨብጦ የሚይዝበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል አነሰ ማለት ፕላስቲኩ በሁለቱ የሞልድ ግማሾች መካከል ሾልኮ በዕቃው ጠርዝ ዙሪያ ስስ ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ በምላጭ መከርከም ነው። ምን ያህል ቶን እንደሚበቃ ለመገመት የዕቃውን ስፋት ማወቅ ይበቃል፤ ከላይ በብርሃን ቢመታ ወለሉ ላይ የሚጥለውን ጥላ ያህል። ለተለመዱት ፕላስቲኮች በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ጥላ ከ0.3 እስከ 0.4 ቶን ይያዛል፤ ግድግዳው በጣም ስስ ለሆነ ዕቃ ግን ከዚህ ይበልጣል።

የውኃ ጠርሙስ ክዳን እንውሰድ። ወርዱ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥላው 7 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ቶን ይበቃዋል። በአንድ ጊዜ አራት ክዳን የሚያወጣ ሞልድ ቢሠራለት እንኳ 11 ቶን ግድም ነው። ለመጠባበቂያ ጨምረንበት 20 ቶን ብንል ሥራው ያለ ጭንቀት ይሄዳል። አሁን ደግሞ ልዋጭ ይዞት የሚዞረውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንይ። ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ከሆነ ጥላው ከ1,250 ካሬ ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ ከ380 እስከ 500 ቶን ገደማ ይጠይቃል። የፕላስቲክ ወንበርማ ከዚያም ያልፋል። እንግዲህ ሳፋ ወይም ወንበር ለሚያስብ ሰው ይህ ጽሑፍ አይጠቅመውም፤ አነስተኛ ማሽን የሚባለው ከ100 ቶን በታች ያለው ነውና ለእሱ አይሆነውም። የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ሽፋን፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የጠብታ መስኖ ቱቦ መገጣጠሚያ፣ የሽቶና የቅባት ዕቃ ክዳን፣ የመጫወቻ ዕቃ፣ የቤት መሣሪያ ጥርስ (ጊር)ና የዘንግ ማቀፊያ ቡሽ ለማምረት ለሚያስብ ግን ከ100 ቶን በላይ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

«ትልቁ ትንሹንም ይሠራ የለ?» የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ኪሳራው ያለው ፕላስቲኩ በሚቀልጥበት ቱቦ፣ በባሬሉ ውስጥ ነው። ፕላስቲኩ ከሆፐር (ከጥሬ ዕቃው መጨመሪያ) ወርዶ፣ በስክሩ (በሚዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ) እየተገፋ፣ በሂተር ቀልጦ ኖዝል (መውጊያው አፍ) እስኪደርስ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በአንድ ምት፣ ማለትም ሞልዱን አንዴ ሲሞላ፣ 200 ግራም የሚወጋ ማሽን ባሬሉ ውስጥ ምናልባት 350 ግራም ይይዛል። በእሱ ላይ 5 ግራም የሚመዝን ዕቃ በየ20 ሰከንዱ ብናመርት፣ አንዷ የፕላስቲክ ፍሬ ገብታ እስክትወጣ 70 ምት ትጠብቃለች፤ 23 ደቂቃ ማለት ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ይህን ያህል የሚቆይ ፕላስቲክ ይደክማል። ቀለሙ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ዕቃው ሲጎብጥ ይሰበራል። እንደ ፒቪሲና አሴታል ያሉት ደግሞ ከመበላሸት አልፈው የሚያቃጥል ጋዝ ይተፋሉ። ያንኑ 5 ግራም ዕቃ በአንድ ምት 15 ግራም በሚወጋ ትንሽ ማሽን ብንሠራው ፕላስቲኩ ባሬሉ ውስጥ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የባለሙያዎቹ ልማድ የአንድ ምት ክብደት ከማሽኑ አቅም ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል እንዲሆን ነው። እላይ ያየነው 5 ግራም በ200 ግራም ላይ 2.5 በመቶ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያስተካክል ይውላል እንጂ ጥፋቱን አያገኘውም።

ከዚሁ የሚመዘዝ ሌላም ጥቅም አለ፤ ቀለም መለወጥ። ከቀይ ወደ ነጭ ለማለፍ ባሬሉን ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የሚታጠበውም በራሱ በጥሬ ዕቃው ነው። ትልቅ ባሬል ኪሎዎች ይበላል፣ ትንሹ ግራሞች። ጥሬ ዕቃውን በጂቡቲ በኩል በዶላር ለሚያስገባ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ትዕዛዝ ደግሞ በአብዛኛው ጥቂት ጥቂት ነው፤ አንዱ ደንበኛ አምስት ሺህ ሰማያዊ ክዳን፣ ሌላው ሦስት ሺህ ነጭ።

አነስተኛ ማሽን የተወለደውም ከእንዲህ ያለ ችግር ነው። ጀርመን ውስጥ በጥቁር ደን አካባቢ በሎስቡርግ ከተማ የሄል ቤተሰብ ፋብሪካ በ1950ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) የፎቶግራፍ ካሜራ ብልጭታ መብራት ይሠራ ነበር። የመብራቱን ገመድ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሶኬት እርጥበት እየገባበት አስቸገረ። መፍትሔው የብረቱን ጫፍ ሞልድ ውስጥ አስቀምጦ ፕላስቲክ በላዩ ላይ መውጋት ነበር። ለእንዲያ ያለ ጥቃቅን ሥራ የሚመጥን ማሽን ገበያ ላይ ስላልተገኘ ካርል ሄል በ1954 በእጅ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ራሱ ሠራ። ለፋብሪካው የገዛ ችግር ታስቦ የተሠራው ማሽን ሌሎችም የሚፈልጉት ሆኖ ስለተገኘ ከ1956 ጀምሮ በብዛት እየተመረተ ለገበያ ወጣ። ዛሬ አርቡርግ የሚባለው በዓለም የታወቀ የማሽን አምራች ያ ፋብሪካ ነው። እዚያው ጀርመን ቦይ የተባለው ድርጅት ደግሞ ንግዱን በዋናነት በአነስተኛ ማሽን ላይ ያቆመ ነው፤ ከትንንሾቹ ማሽኖቹ አንዱ 10 ቶን ሲሆን የሚይዘው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ያንሳል።

ቦታ ካነሳን አይቀር፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ የሚሰጡትን ሼዶችና ባለ ብዙ ፎቅ የማምረቻ ሕንጻዎች የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በርካታ ቶን የሚመዝን ማሽን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣም ወለሉ የተሠራው ለእሱ አይደለም። ክሬን፣ ሰፊ በር፣ ለሞልድ መቀየሪያ ተንጠልጣይ ሰንሰለት፣ ይህ ሁሉ ለትልቁ የግድ ነው። ትንሹ ማሽን ሞልዱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰው አንስቶ ይገጥመዋል።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ኃይሉ ከግድቡ እስከ ሼዱ የሚደርስበት መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛው ቆሞ መብራት የሚጠብቅበት ቀን ገና አላለቀም። ለኢንጀክሽን የመብራት መቋረጥ ከሌላው ሥራ የከፋ ጣጣ አለው። መብራቱ ሲጠፋ ባሬሉ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ እዚያው ይረጋል። ሲመለስ ስክሩን ወዲያው ማዞር አይቻልም፤ ብረቱ ሊሰበር ይችላል። እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ከዚያ የደከመውን ገፍቶ ማውጣት፣ ከዚያ ደግሞ ዕቃው ደህና መውጣት እስኪጀምር ጥቂት ምቶችን መጣል ነው። የባሬሉ መጠን ባነሰ ቁጥር የሚጠበቀውም የሚጣለውም ያንሳል። ጄኔሬተር ለመግዛት ሲታሰብም ልዩነቱ ይታያል፤ ጥቂት ኪሎዋት የሚበላ ማሽን በትንሽ ጄኔሬተር ይሠራል፣ 200 ቶኑን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር ግን ራሱ ሌላ ማሽን እንደመግዛት ነው። ከአነስተኛዎቹም በጣም ትንንሾቹ በተራ 220 ቮልት የሚሠሩ አሉ፤ ሦስት ፌዝ እስኪገባ ደጅ ለሚጠና ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ ካታሎጎች ጋር የማልስማማበት ነጥብ አለ። አውሮፓና ጃፓን ያሉ ሻጮች ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራውን ማሽን ያወድሳሉ። እውነት አላቸው፤ በዘይት ግፊት ከሚሠራው ከድሮው ሃይድሮሊክ ጋር ሲነጻጸር የኤሌክትሪክ ፍጆታው በጣም ያነሰ ነው፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ልኩም አይዛነፍም። የድሮው ሃይድሮሊክ ፓምፕ ዕቃው እየቀዘቀዘ ማሽኑ ምንም በማይሠራበት ሰከንድ ሁሉ ያለ ዕረፍት ይዞራል። ሆኖም የቮልቴጅ መዋዠቅ የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ቢያቃጥለው ካርዱ ከውጭ እስኪመጣ ስንት ወር ይቆማል? የሃይድሮሊክ ቱቦ ወይም ኦሪንግ ግን መርካቶ ተፈልጎ ይገኛል፤ የጋራዥ መካኒክም ያውቀዋል። ስለዚህ ሰርቮ ሞተር ፓምፑን በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ የሚያዞርለት ሃይድሮሊክ ለእኛ መካከለኛው መንገድ ይመስለኛል፤ እሱም ቢሆን ያለ ስታብላይዘር መሰካት የለበትም።

የገንዘቡ ሒሳብ ከአንድ ማሽን ዋጋ ይልቅ በማሽን ብዛት ሲታይ ይሻላል። በአንድ 150 ቶን ፈንታ ሦስት 50 ቶን ያለው አምራች አንዱ ቢበላሽበት ሁለቱ ይሠራሉ። ሦስት የተለያዩ ትዕዛዞችን ጎን ለጎን ያካሂዳል። መጀመሪያ አንዱን ገዝቶ ገበያውን አይቶ ሁለተኛውን ማስከተልም ይችላል፤ ዕዳውም በዚያው ልክ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በካፒታል ዕቃ ሊዝ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ማሽኑ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ የአከራዩ ድርጅት ንብረት ስለሆነ፣ ቤትና መኪና ለማያስይዝ ጀማሪ በሩ ክፍት ነው። በዚህ ሥራ ላይ እንደ ወሊያና አዲስ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት አሉ።

የሦስት ማሽን ሒሳብ ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። ሦስት ማሽን ሦስት ሞልድ፣ ሦስት ማቀዝቀዣ መስመር፣ ብዙ ጊዜም ሦስት ሠራተኛ ነው። አንድ ዓይነት ክዳን በወር በሚሊዮን ለሚያቀርብ ፋብሪካ፣ በአንድ ምት 32 ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሞልድ የተገጠመለት ትልቅ ማሽን የአንዷን ዋጋ እጅግ ያወርደዋል፤ ትንሹ አይወዳደረውም። የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎችን ሥራ በ20 ቶን ማሽን እቀማለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ባይነሳ ይሻለዋል። የትንሹ ገበያ ትልቁ ፋብሪካ «ለዚህችማ ማሽን አላቆምም» የሚላት ትዕዛዝ ናት። ትንሹ ማሽን የማያሳጥረው ነገርም አለ። የማቀዝቀዣው ጊዜ የሚወሰነው በዕቃው ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ ከ2 ወደ 3 ሚሊሜትር ካደገ ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ማሽኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ሞልዱ ነው። ብዙ ሰው የማሽኑን ዋጋ ጠይቆ ያበቃል፤ ሞልዱ ግን ለየዕቃው ለብቻው ይሠራል፣ አንዳንዴም ዋጋው ከማሽኑ ጋር ይፎካከራል። ትንሽ ማሽን እዚህ ላይ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል። ትንሽ ሞልድ ትንሽ የብረት ብሎክ ነው፤ ለሙከራና ለጥቂት ሺህ ምርት ከአሉሚኒየም ሊቀረጽ ይችላል፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ የብረት መቅረጫ ማሽን) ባላቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ወርክሾፖች አቅም ውስጥም ነው። ለሳፋ የሚሆን ሞልድ ግን ከባድ ብረት፣ ትልቅ ሲኤንሲና ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ከውጭ ማዘዝ ግድ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ስለ ማሽን ብዙ ተነግሮበታል፤ ለእኔ ግን ሞልድ ሠሪ ማፍራት ከማሽን ማስገባት ይቀድም ነበር። ሞልድ የሚያርም ሰው በአቅራቢያው የሌለው አምራች አንዲት ፒን ስትሰበር ማሽኑን ጨርቅ አልብሶ ይቀመጣል።

ስለ አሮጌ ፕላስቲክም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ወጣቶች ወደዚህ ሥራ የሚመጡት በዚያ በኩል ነውና። ቆራሌው ከሚሰበስበው ውስጥ ለአነስተኛ ኢንጀክሽን የሚመቹት ክዳኖች፣ ጄሪካኖችና የተሰበሩ ሳፋዎች ናቸው። በዓይነታቸው ተለይተው፣ ታጥበው፣ በክራሸር ከተፈጩ እንደገና ይቀልጣሉ። ሃይላንዱ ራሱ ግን አስቸጋሪ ነው። የተሠራበት ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ከመቅለጡ በፊት በደንብ ካልደረቀ እርጥበቱ ውስጡን ቆራርጦ ያደክመዋል፤ ከክዳኑ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሆላንዳዊው ዴቭ ሃከንስ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሬሺየስ ፕላስቲክ የተባለ እንቅስቃሴ በእጅ ዘንግ የሚሠራ ትንሽ የመውጊያ ማሽን ንድፍ በነፃ ለቋል፤ ብየዳና ቁፋሮ የሚችል ሰው ሊሠራው ይችላል። ለትምህርት ቤት፣ ለመታሰቢያ ዕቃ፣ ለሙከራ ጥሩ ነው። የእጅ ግፊት ግን ውስን ስለሆነ ልኩ የተጠበቀ ሶኬት ወይም ጥርስ በእሱ አይወጣም፤ ፋብሪካ ነው ብሎ ብድር መውሰድ አደገኛ ነው።

ስለ አደጋ ካነሳሁ፦ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የመከላከያውን በር ይሁን። በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ስዊች በሽቦ ተቋጥሮ እንዲሠራ የተደረገ ማሽን ካጋጠመ፣ ሻጩ «ሥራ ያፈጥናል» ቢልም ሳይፈታና ሳይጠገን አንድ ምት መሠራት የለበትም። 20 ቶንም እጅ ያጠፋል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። የልብስ ፋብሪካዎቻችን፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ጨምሮ፣ ገና ከመነሻው ከሚነሳባቸው ችግሮች አንዱ ማስዋቢያና ማሸጊያው በአብዛኛው ከውጭ መምጣቱ ነው። ከእነዚያ መካከል የልብስ መስቀያ አለ። ጥላው ከ120 እስከ 150 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ በእላይኛው ሒሳብ ከ36 እስከ 60 ቶን ነው፤ አንድ 80 ቶን ማሽን ከነመጠባበቂያው ይበቃዋል። ዋናው ባዶ አየር የሆነ ዕቃ በመርከብ ማስጫን ማለት ደግሞ ኮንቴይነሩን በነፋስ ሞልቶ ኪራይ መክፈል ነው፤ በአገር ውስጥ የሚያመርት ሰው ገና ሳይጀምር ያንን ያተርፋል። ፋብሪካው መስቀያውን የሚገዛው ግን ገዢው ድርጅት ባዘዘው ቅርጽ፣ ቀለምና ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚፈለገው ያ የጥራት መግለጫ ወረቀትና የናሙናው መስቀያ ነው። ናሙናውን በሚዛን መዝኖ፣ ጥላውን በካሬ ወረቀት ላይ ነድፎ ቆጥሮ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ ወደ ማሽን ሻጭ የሚሄድ ሰው «ስንት ቶን አለህ?» ተብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ራሱ ይጠይቃል፦ የአንድ ምት አቅሙ ስንት ግራም ነው፣ ሞልዱ በሚገባበት በማሽኑ ምሰሶዎች መካከል ያለው ስፋት የእኔን ሞልድ ያስገባል ወይ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ ማን ጋ አለ?